ውሃ የሚያመጣበት አገር

ደብረ ሲና ቆሞ ቆላውን ቁልቁል ማየት የማይችል የለም። ጉሙ በተገለጠ ቀን ይፋት ከእግራችን ሥር እንደ ተዘረጋ ቁርበት ይታያል። ወርዶ የረገጠው ግን ጥቂት ነው። ድሮ ወባውን እንፈራ ነበር፤ አሁን ደግሞ በጣርማ በር ተራራውን የሚበሳው ጣልያን ካሚዮኖቹን በመንገዱ ላይ አፍስሶ ሌላ ፍርሃት ጨመረልን። እኔ ሰባት ቀን ወርጄ ተመልሻለሁ። የማትወርዱት ሰዎች ታነቡት ዘንድ በየቀኑ የሆነውን ጽፌዋለሁ። የጻፍኩት አገሩን ስለወደድኩት ብቻ አይደለም፤ ስለቀናሁበትም ነው። ይህን ከወዲሁ ካልነገርኳችሁ ኋላ ራሳችሁ ደርሳችሁበት ትታዘቡኛላችሁ።

የመጀመሪያው ቀን፣ ሐሙስ

ከሮቢት ከተማ በታች ጋሼ ይማም የሚባሉ የአባቴ ወዳጅ አሉ። አባቴ በሕይወት ሳለ በየዓመቱ ከእኛ ገብስና ባቄላ ይወርድላቸዋል፣ ከእሳቸው ማሽላና ጥጥ ይወጣልናል። አባቴ ከሞተ ወዲህ ይህ ነገር ተቋርጦ ነበር። ዘንድሮ እናቴ ገብሱን ሰፍራ፣ ባቄላውን ለቅማ አህያዋን ጫነችልኝ።

«ወዳጅነት እንደ ፍም ነው፤ ካልቆሰቆሱት ያንቀላፋል» አለችኝ። «ሂድ ሰላም በልልኝ። ግጥም እያልክ ደግሞ ሰዎቹን አታሰልች።»

ፊደል ያስቆጠረኝ ጎረቤታችን የነበረ ዲያቆን ነው። የቀረውን ራሴው ለቃቅሜ ተማርኩት። ባለፈው ጥር በአንድ ሠርግ ላይ የጻፍኩትን ግጥም ቆሜ አነበብኩ። ግማሹ ላይ ስደርስ ሰው ስለ ገብስ ዋጋ ማውራት ጀመረ። ስለዚህ ጉዞው ሲመጣልኝ ደስ አለኝ። ደብተሬንና እርሳሴን በብብቴ ይዤ ወጣሁ፤ ከአገሬ የጎደለኝን ሰሚ ሌላ አገር አገኘው ይሆናል ብዬ።

ከገበያው በታች ያለውን ጅረት ታውቁታላችሁ። የሽንኩርት ልጣጭ፣ አመድ፣ የተሰበረ እንስራ፣ የሞተ ዶሮ የምንጥልበት እሱ ነው። እናቴ ራሷ ባለፈው ክረምት አይጥ የበላውን የሞሰብ ክዳን እዚያው ስትጥል አይቻለሁ። ከጣርማ በር ሠራተኞች ሰፈር ደግሞ የሳልሳ ጣሳና ዘይት የነካ ጨርቅ እየወረደ ተጨምሮበታል። አህያዋ በጣሳዎቹ መሃል እግሯን እየመረጠች ተሻገረች። እኔም የተበጠሰ የጭነት ገመድ በእጄ ነበረና ወደ ውሃው ወረወርኩት። ውሃው ወሰደው። ዞር ብዬም አላየሁትም።

አርማንያ ልንደርስ ስንል አንድ ካሚዮን ከኋላችን ጥሩንባውን ነፋ። አህያዋ ደንብራ ገደል አፋፍ ላይ ስትዘል አንዱ ስልቻ ተተረተረና ባቄላው በመንገዱ ላይ ፈሰሰ። ጀምበር እስክታዘቀዝቅ ስለቅም አንዲት ሴት አየችኝና ሰፌድ ይዛ መጥታ አብራኝ ለቀመች። እትዬ አስካለ ይባላሉ። ባላቸው የሞተባቸው፣ ለመንገደኛ ጠላ የሚሸጡ ሴት ናቸው። ስልቻውን ሰፉልኝ፣ ሽሮ አበሉኝ፣ መኝታም ሰጡኝ።

ሲፈጩ ያንጎራጉሩ ነበር።

ወንድሜ ስትታጠብ ቆመህ ከላዩ ቤት፣
ልጄ ቅል ይዛለች ከታች ልትጠጣበት።

ጆሮዬ ቆመ። «ይሄ የማን ነው እትዬ?» አልኳቸው።

«የሮቢቱ ሰይድ ነዋ። አንተ የት ነው የምትኖረው?»

«በየትኛው መጽሐፍ ወጣ?»

«ምን መጽሐፍ! ቦይ ሲጠርግ ነው የሚለው። ፊደል የሚባል አያውቅም አሉ።»

ደብተሬን አወጣሁና ስለ ጉም የጻፍኩትን አነበብኩላቸው። እስከ መጨረሻው በትዕግሥት ሰሙኝ። «ጥሩ ነው ልጄ፤ ረዘመ እንጂ» አሉና መፍጨታቸውን ቀጠሉ። ወዲያውም ወደ ሰይድ ተመለሱ። ያን ሰው ሳላየው ጠላሁት።

ሁለተኛው ቀን፣ ዓርብ

ከአርማንያ በታች ብርድ የሚባል ነገር እዚያው ቀረ። መጀመሪያ ጋቢዬን፣ ቀጥሎ እጀ ጠባቤን አውልቄ አህያዋ ላይ ጫንኩ። እኛ ዘንድ በዚህ ወር ሰው ከእሳት ዳር አይነሳም፤ እዚህ ግን ሎሚ በአጥር ላይ ያፈራል፣ የሚቀጥፈውም ሰው የለም። ለአንድ ሎሚ ከገበያ ገበያ የምንዞር ሰዎች መሆናችን ትዝ አለኝ።

ድልድዩ ላይ የቆመ አንድ ባንዳ አስቆመኝ። ጭነቱን በዱላው ወጋ ወጋ አድርጎ ደብተሬን ሲያገኝ ፊቱ ተለወጠ። «ይህ የሽፍታ ደብዳቤ ነው» አለ። የያዘው ዘቅዝቆ ነበር። ግጥም ነው ብል አላመነኝም። አንብብ አለኝ፤ ስለ ጉም የጻፍኩትን አነበብኩለት። ከሦስት ስንኝ በኋላ እጁን አነሳ።

«በቃ፣ በቃ። የሽፍታ ደብዳቤ እንዲህ አያንቀላፋም። ሰይድን ታውቀዋለህ?»

«አላውቀውም።»

«ሂድና ስማው። ግጥም ማለት ምን እንደሆነ ያሳይሃል።» ደብተሬን ወረወረልኝ።

ባንዳው እንኳ ያውቀዋል።

ከሮቢት ከተማ አንድ ሰዓት ቁልቁል ሄጄ ጋሼ ይማም ቤት ስደርስ እሳቸው ከጁምዓ ሶላት እየተመለሱ ነበር። ረጅም፣ ጢማቸው የሸበተ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሰው ናቸው። የአባቴን ስም ስነግራቸው ትከሻዬን ይዘው አዩኝ።

«አልሐምዱሊላህ። መንገዱ ጠፍቶባችሁ መስሎኝ ነበር» አሉ። ሌላ ወቀሳ አልተናገሩም።

ባለቤታቸው እትዬ ፋጡማ ውሃ አቀረቡልኝ፤ ቀጥሎ ቅል ሙሉ ወተት። ወደ አፌ ሳስጠጋ እጄን ያዙኝ። «ዛሬ ዓርብ አይደለም እንዴ ልጄ? አባትህ ዓርብ ወተት አይቀምስም ነበር።» ጾሜን እስላሚቱ አስታወሱኝ። ለክርስቲያን ወዳጅ ብቻ የተለየ ሸክላና ሳህን ከማጀት አወጡ፤ አባቴ ከሞተ ወዲህ ማንም ያልበላበት ነው። በማሽላ እንጀራ የምስር ወጥ አቀረቡልኝ። እኛ ቤት የእሳቸው ባል ቢመጣ የተለየ ሳህን እንዳለን እንጃ።

ከጓሮ አንዲት ቀጭን ቦይ ታልፋለች። ውሃዋ ጠጠሩ የሚቆጠርባት ናት። መንገድ ያቆሰለውን እግሬን ልነክርባት ጎንበስ ስል እትዬ ፋጡማ ከኋላዬ ደረሱ።

«እዚያ ውስጥስ አይሆንም ልጄ» አሉ፤ በለዘበ ድምፅ። በቅል ቀድተው ጓሮው ዳር ካለው ሙዝ ሥር ወሰዱኝና ራሳቸው እግሬ ላይ አፈሰሱልኝ። እጣቢዬን ሙዙ ጠጣው። የእኛ ጅረት ምንጩ እዚያው አጠገባችን ሆኖ መልኩ አመድ ነው፤ የእነዚህ የስንት ቀን መንገደኛ ውሃ ደግሞ እንደ ሕፃን ዓይን የጠራ። ተኝቼም ይኸው ነበር የሚከነክነኝ።

ሦስተኛው ቀን፣ ቅዳሜ

የቦይ ጠረጋ ቀን ነበር። ጋሼ ይማም የውሃ አባት ናቸው። በቆላ የውሃ አባት ማለት ማን በየትኛው ቀን ውሃ እንደሚያጠጣ የሚያዝ፣ ሲጣሉም የሚዳኝ ሰው ነው። ሰው ሁሉ አካፋና ዶማ ይዞ ከወንዙ መጥለፊያ እስከ ቦዩ ጭራ ተሰልፎ ቆመ።

ሰይድን ማንም ሳያሳየኝ ለየሁት። ቀጭን፣ በእኔ ዕድሜ ያለ፣ ፍንጭት ጥርስ ያለው ነው። ሽርጡን ታጥቆ ከፊት ቆሞ አንድ ስንኝ ይጥላል፤ ያ ሁሉ ሰው ይቀበለዋል፣ አካፋውም አብሮ ይወድቃል። እኔ አንዱን ስንኝ ለማቃናት ሦስት ቀን እርሳስ እበላለሁ። እሱ ጭቃ እየዛቀ፣ ላቡን እየጠረገ፣ በመሃሉ ከጎረቤቱ ጋር እየቀለደ ይጥለዋል፤ የጣለው ሁሉ ቀጥ ብሎ ይቆማል። መቶ ሰው የሚቀበለው ግጥም በሕይወቴ አንድ እንኳ የለኝም።

«ደገኛው፣ አካፋው ከብዶህ ነው ወይስ ዜማው?» አለኝ ሲያየኝ።

«ሁለቱም ቀሊል ናቸው» አልኩት። ሰዎቹ ሳቁ፤ አካፋዬ ላይ ምንም ጭቃ አልነበረምና።

መጥለፊያው አጠገብ ትልቅ ሾላ አለ። ከቦዩ የወጣውን ጉድፍ ሁሉ እየሰበሰቡ በገመድ ቅርንጫፉ ላይ ይሰቅላሉ። ለምን እንደሆነ ጋሼ ይማምን ጠየቅኳቸው።

«ባለቤቱ እንዲያየው ነው» አሉ። «ጉድፉ የተገኘበትን ቅርንጫፍ ቦይ በጭቃ እንዘጋዋለን። ባለቤቱ መጥቶ "የእኔ ነው፣ አፉ በሉኝ" ይላል፣ እኛም አፉ፣ ይቅር ብለንሃል እንላለን። ዕቃውን አውርዶ አንድ ቀን የቦዩን ጭራ ይቆፍራል፤ ቦዩም ይከፈታል።»

«ባለቤቱን የሚያውቅ ሰው ካለስ?»

«ቢያውቅም አይናገርም። ጣት መቀሰር ነውር ነው። ራሱ ይምጣ።»

ቀና ብዬ አየሁ። ሾላው ከላይ እስከ ታች ተሸክሟል፦ የሳልሳ ጣሳ፣ የሰርዲን ቆርቆሮ፣ የቦት ጫማ ሶል፣ የእንስራ አንገት፣ ገመድ። አብዛኛው ዝጎ ከርሟል።

«እነዚህንስ ማን ያወርዳቸዋል?»

«እነሱ ከላይ የመጡ ናቸው፤ ከእናንተ በኩል። የላይ ሰው መቼ ይመጣል? ዋናውን ቦይ እንዳንዘጋ በውሃ ጥም እናልቃለን። ስለዚህ እኛው ተራ ገብተን ስለ እናንተ አፉ እንባባላለን፤ ጭራውንም እኛው እንቆፍራለን። ዕቃው ግን የሰው ነው፤ አንነካውም።»

ይህን ሲሉ በድምፃቸው ቁጣ አልነበረም። ያኔ ነው ከጣሳዎቹ መሃል አንድ የሞሰብ ክዳን ያየሁት። ዙሪያው በቀይ አክርማ ተሰፍቶ የመጨረሻው ዙር አረንጓዴ ነው። እናቴ ቀዩ አልቆባት በአረንጓዴ ስትጨርሰው ጎኗ ተቀምጬ ነበር። ዓይኔን ከላዩ አነሳሁ። «የላይ ሰው» ያሉት እኔኑ መሆኑን እንዳይነቁብኝ ፈርቼ ስለ ሙቀቱ አንድ ነገር ተናገርኩ።

ከጠረጋው ስመለስ ሰይድ ያለው ሁሉ ጆሮዬ ውስጥ ነበር። ጓሮ ቁጭ ብዬ ደብተሬን አወጣሁና ጻፍኩ።

ፊደሉን ሳይቆጥር፣ ብራናውን ሳያይ፣
እንቁራሪት ሁሉ ዘፋኝ ሆነ በቦይ።

ከጻፍኳቸው ሁሉ ፈጥኖ የመጣልኝ ይኸው ነው። ደግሜ ሳነበው ግን አፈርኩ፤ በሰው ቤት ምስር እየበላሁ የሰዉን ልጅ መስደቤ። ወረቀቱን ቀድጄ ጨመደድኩና ወደ ቦይዋ ጣልኩት። ልክ እንደ ገመዱ። በእኛ አገር ውሃ የሚወስድ ነገር ነው፤ የጣልከው ሁሉ ሄዶ ያልቃል። በዚህ አገር ውሃ የሚያመጣ ነገር መሆኑን ቀኑን ሙሉ ሲያሳዩኝ ውለው አልገባኝም ነበር።

አራተኛው ቀን፣ እሑድ

ጠዋት ጋሼ ይማም ጓሮ ጎንበስ ብለው ጭቃ ሲያቦኩ አገኘኋቸው። የራሳቸውን ቦይ አፍ እየደፈኑ ነበር።

ወረቀቱ ከሽንኩርት ማሳቸው መግቢያ፣ ከእሾህ ማጥለያው ላይ ተገኝቷል። የመንደሩ ሼህ፣ የተጻፈበት ወረቀት የአላህ ስም ይኖርበት ይሆናል፣ አይረገጥም ብለው በእጃቸው ዘርግተው አድርቀውታል። ከዚያ በነጭ ክር ከሾላው ከፍ ካለው ቅርንጫፍ ላይ ሰቀሉት። የእርሳስ ጽሑፍ ውሃ አያጠፋውም። ወረቀቴን እንደዚያ ያከበረው ሰው ከዚያ በፊት የለም።

በዚያ መንደር የአማርኛ ፊደል የሚጽፍ ሰው እኔ ብቻ ነበርኩ። ሁሉም ያውቃል፤ የሚናገር ግን የለም። የሚያልፍ የሚያገድመው «እንዴት አደርክ እንግዳው» ብሎኝ ያልፋል። እትዬ ፋጡማ ምሳ ላይ ሌላ ቀን ከሚያደርጉት እጥፍ አቀረቡልኝ። ዝም ብለው ሲያበሉኝ እንደ መገረፍ ሆነብኝ።

ጋሼ ይማም ሽንኩርቱን ካዛወሩት አራት ቀኑ ነው። የውሃ ተራቸው ሰኞ ነበር፤ ሰኞ ካመለጣቸው ሌላው ተራ ከስምንት ቀን በኋላ ነው። በዚያ ፀሐይ ስምንት ቀን የሚቆይ ችግኝ የለም። ማሳው ዳር ሄጄ ሳይ ጫፉ ቢጫ መሆን ጀምሯል።

«ቦዩ የእርስዎ፣ ዳኛውም እርስዎ፤ አይከፍቱትም?» አልኳቸው።

«ዳኛ በመሆኔ ነው የማልከፍተው» አሉኝ።

የሚቀረኝ ሁለት ቃል መናገር ብቻ ነበር። ነገር ግን «የእኔ ነው» ብል ቀጥሎ የሚመጣው «ምን ይላል?» ነው። ሰይድ ፊት ያን ማንበብ ሞት መሰለኝ። ከሰዓት በኋላ እሱ ራሱ በአጥሩ በኩል አለፈ።

«ደገኛው፣ ሾላው ፊደል አበቀለ አሉ። አየኸው?»

«አላየሁትም።»

«እኔማ አይቼዋለሁ፤ ማንበብ ነው ያቃተኝ» አለና በፍንጭቱ እየሳቀ ሄደ። ማንበብ አለመቻሉ እንኳ የማይከብደው በመሆኑ ቀናሁበት።

አምስተኛው ቀን፣ ሰኞ

ፀሐይ ስትወጣ ሰው ሾላው ሥር ተሰብስቦ ነበር። ተራ የሚከፈተው እዚያ ነው። ጋሼ ይማም ወደ ዛፉ ተጠጉና ወረቀቱን ሊያወርዱ እጃቸውን ዘረጉ።

«የእኔ ነው፣ አፉ በሉኝ» አሉ።

አንድ ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ይማም፣ አንተ ደግሞ መቼ ፊደል ቆጠርክ?»

ሳቅ ተነሳ። ጋሼ ይማም አልሳቁም። «በቤቴ ያደረ የቤቴ ነው። አፉ በሉኝ ብያለሁ» አሉ። እጃቸው ክሩ ላይ ነበር። የውሃ አባት ናቸው፤ በዚያ ዛፍ ሥር ሐሰት ተናግረው አያውቁም። በእኔ ምክንያት ሊናገሩ ነበር።

«ጋሼ፣ ይተዉት። የእኔ ነው» አልኩ። «እኔ ነኝ የጣልኩት። አፉ በሉኝ።»

«አፉ ብለናል» አሉ ሁሉም በአንድ አፍ፤ ለመቶ ዓመት ሲጠብቁት እንደቆዩ ሰዎች ፈጠን ብለው።

ወረቀቱን አውርጄ ወደ ብብቴ ልከተው ስል ሰይድ፣ «ምን ይላል?» አለ።

«ግጥም ነው።»

«ታዲያ ስጠን። ግጥም በብብት ይሞታል።»

አነበብኩት። ሁለቱም ስንኝ። እንቁራሪቱ ማን እንደሆነ መጠየቅ ያስፈለገው ሰው አልነበረም። ሼሁ መሬት መሬት አዩ። ሰይድ ራሱን ዘንበል አድርጎ ሰማኝ፤ ምራቁን እስኪውጥ እንኳ አልቆየም፦

እንቁራሪት ኖራ ያልጎደፈ ውሃ፣
ፊደል አጎደፈው ወርዶ ከበረሃ።

ዛፉ ሥር የነበረው ሰው በሳቅ ተንጋጋ። እትዬ ፋጡማ ሻሻቸውን አፋቸው ላይ ያዙ። ሦስቴ ተቀበሉት፣ በዜማ። ፊቴ ነደደ፤ ከስድቡ ይልቅ ያቃጠለኝ ግን ግጥሙ ማማሩ ነው። እኔ የተጠበብኩበትን እንቁራሪት ከእጄ ወስዶ ንጹሕ አደረጋት፣ ፊደሌን ደግሞ ጉድፍ አደረገው፤ ያውም በቁሙ።

መሄድ ነበረብኝ። ነገር ግን ቀና ስል ያ አረንጓዴ ጠርዝ ዓይኔ ውስጥ ገባ። ከዛፉ ሥር ድንጋይ ላይ ወጥቼ ክዳኑን ከጣሳዎቹ መሃል ፈታሁት።

«ይሄም የእኔ ነው» አልኩ። «የእናቴ ነው። ስትጥለው አይቻለሁ፣ ዝም ብያለሁ። እኔም ስመጣ ገመድ ጥያለሁ፤ እሱ ገና በመንገድ ላይ ይሆናል። አፉ በሉን።»

አሁን ማንም በፍጥነት አልመለሰም። ጋሼ ይማም ክዳኑን ተቀብለው አገላበጡት። ይህ ዛፍ የላይ ሰው ዕቃ ተሸክሞ ስንት ዓመት ሲኖር፣ ከላይ መጥቶ «የእኔ ነው» ያለ አልነበረም።

«አፉ ብለናል» አሉ በመጨረሻ። ሌላውም ተከተለ።

ሰይድን አየሁት። አፉ ተከፍቶ ነበር፣ ምንም ግን አልወጣውም። በሰባት ቀን ውስጥ ያሸነፍኩት ያኔ ብቻ ነው፤ ያሸነፍኩበትም ቃል የራሴ ሳይሆን የእነሱው ነው።

ቦዩ ተከፈተ። ውሃው በሽንኩርቱ መደብ መሃል ሲገባ ጋሼ ይማም አንዱን ችግኝ ጎንበስ ብለው በጣታቸው አቃኑት። እኔ ለሁለት ጉድፍ ሁለት ቀን ተፈርዶብኝ ነበር፤ መመለሻዬ ደርሷል ብለው በአንድ ቀን ጨረሱልኝ። የቦዩን ጭራ ከጠዋት እስከ ማታ ቆፈርኩ። እጄ ውሃ ቋጠረ። ከሰዓት በኋላ ሰይድ ሳይጠራ አካፋውን ይዞ መጥቶ ጎኔ ቆመ።

«ያችን የእንቁራሪት ግጥም እንደገና በላት» አለኝ። አልኳት። «ጥሩ ናት፤ የዘፋኟን ስም ብቻ ነው የተሳሳትከው። ዘፋኙ ውሃው ነው፣ እኔ ተቀባይ ነኝ።» ቆየት ብሎ ደግሞ፣ «የኔንስ ከዚያ ወረቀት ጀርባ ላይ ትጽፍልኛለህ? ፊደል ሲሆን ምን እንደሚመስል ልየው» አለኝ።

ማንበብ አይችልም። አንዱን ቃል ባበላሽበት እስኪሞት አያውቅም። እውነቱን ልንገራችሁ፦ እርሳሴን ይዤ ላበላሸው ፈለግኩ። ሊበላሽ የሚችል ቃል አጣሁበት። እንዳለው ጻፍኩት። ሰይድ ወረቀቱን ወደ ፀሐይ ከፍ አድርጎ አየውና፣ «ትንሽ ናት ለካ» ብሎ መለሰልኝ።

ስድስተኛው ቀን፣ ማክሰኞ

ጋሼ ይማም አህያዋን ማሽላና ጥጥ ጫኑልኝ። እትዬ ፋጡማ የሎሚ ከረጢት ጨመሩና፣ «ሳህኑ ማጀት ነው ያለው፤ እንደ አባትህ አትጥፋ» አሉኝ። አባቴ የጠፋው በሞት መሆኑን ያውቃሉ፤ ለእሳቸው ግን መቅረት መቅረት ነው።

አቀበቱ እጅግ ከባድ ነበር። ስወርድ ያወለቅኩትን ልብስ አንድ በአንድ መልሼ ለበስኩ። እኩለ ቀን ላይ ከሮቢት የተነሱ ሲራራ ነጋዴዎች በበቅሎ ደረሱብኝ። ፊተኛው ሰውዬ አንድ ነገር እያዜመ ነበር። እንቁራሪት የሚለውን ቃል ስሰማ ጋቢዬን እስከ ዓይኔ ተከናነብኩ። አልፈውኝ ሄዱ።

ሰባተኛው ቀን፣ ረቡዕ

ደብረ ሲና ስደርስ ጉም ነበር። ጅረቱን ስሻገር አህያዋ ስንሄድ እንዳደረገችው እግሯን እየመረጠች አለፈች። ጣሳዎቹ በቦታቸው ናቸው። ከሰይድ ልጅ ቅል በላይ ቆመን ስንታጠብ የኖርነው እኛ መሆናችንን እያወቅኩ ማለፍ አቃተኝና የጣልያኑን ሦስት ጣሳ ለቅሜ ስልቻ ውስጥ ከተትኩ። በጎኔ ያለፈ ሰው፣ «ቆላው አሳበደው» ሲል ሰማሁት።

እናቴ ጥጡን ነካች፣ ማሽላውን ዘገነች፣ የሰዎቹን ደኅንነት ጠየቀች። ከዚያ ክዳኑን አወጣሁላት። አገላብጣ አየችው። አረንጓዴው ዙር ላይ ጣቷ ቆመ።

«ይሄን እኮ ጥዬው ነበር» አለች።

«ደርሷል» አልኳት። «ጋሼ ይማም ቤት ደርሷል። ዛፍ ላይ ሰቅለው ሲጠብቁሽ ነበር። እኔ አፉ አሰኝቼልሻለሁ።»

ከዚያ ተነስታ ክዳኑን ግድግዳው ላይ፣ ከበሩ ትይዩ ሰቀለችው። ሲመሽ የቤቱን ጥራጊ በቅርጫት ይዛ ስትወጣ አየኋት። ወደ ጅረቱ የሚወስደውን መንገድ አልያዘችም፤ ከጓሮ ጎመኑ ሥር ጉድጓድ ጀምራ ነበር። በነጋታው ጎረቤታችን ምን እንደምትቆፍር ጠየቀቻትና እንዴት እንደመለሰችላት አልሰማሁም፤ ጎረቤታችን ግን ስትሄድ ዶማችንን ተውሳ ነበር።

ያን ምሽት እናቴ ጥራጊውን ስትደፋ ታንጎራጉር ነበር። ዜማውን አወቅኩት። ከእኔ በፊት በነጋዴዎቹ በቅሎ ወጥቶ፣ ከገበያው ደርሶ፣ የእናቴ አፍ ውስጥ ገብቷል።

እንቁራሪት ኖራ ያልጎደፈ ውሃ፣
ፊደል አጎደፈው ወርዶ ከበረሃ።

«ዛሬ ገበያ ላይ ሰማሁት» አለች። «እንዴት ያምራል። ስለ አንድ ፊደል አዋቂ ነኝ ባይ ነው አሉ። አንተ ከዚያ ነው የመጣኸው፤ ማን እንደገጠመው ታውቃለህ?»

ወረቀቱ ብብቴ ውስጥ ነበር፤ በአንድ ጎኑ የእኔ፣ በሌላው የእሱ።

«አላውቀውም» አልኳት።